አለቃ ታየ ገብረ ማርያም

አለቃ ታየ ገብረ ማርያም (1853 – ነሐሴ 1916 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቋንቋ መምህር፣ የሰዋስውና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ዛሬ በብዛት የሚታወቁት «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። ከዚያ በፊት ግን በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ አማርኛን ለውጭ አገር ሰዎች ያስተማሩ ሲሆን፣ ይህ የሕይወታቸው ክፍል በአብዛኛው በአንድ መስመር ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል።

ልጅነትና ትምህርት

ታየ የተወለዱት በበጌምድር፣ በይፋግ ነው። ይፋግ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ ስትሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ገና በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ አካባቢ ሄደው በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም በዚያው አስተማሪ ሆኑ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብም የዚሁ ሚሲዮን ሰው ነበሩ።

ታየ በሚሲዮን ትምህርት ብቻ አልረኩም። ወደ በጌምድር ተመልሰው ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሩ። አገሩ ለዚህ የታደለ ነበር፤ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ በደብረ ታቦር አቋቋም የሚማሩ ተማሪዎች ከየአውራጃው ይመጡ ነበር። ቅኔ ቤት ደግሞ፣ በዛሬ አነጋገር፣ የሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ግዕዝ አፉን የፈታበት ተማሪ የለም፤ ሆኖም ግሱንና አገባቡን እንደ ተማረ ወዲያው የራሱን ቅኔ መቍጠር ይጀምራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፣ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኞቹ ሰሙንና ወርቁን ይፈልጋሉ። ፉክክሩም ሳቁም የትምህርቱ ክፍል ናቸው።

ከዚህ ትምህርት የወጣው የመጀመሪያ ሥራቸው «መጽሐፈ ሰዋስው» በ1889 ዓ.ም. በምንኩሉ ታተመ።

በበርሊን

በ1897 ዓ.ም. (1905 እ.ኤ.አ.) ፍሪድሪኽ ሮዘን የሚመሩት የጀርመን መልእክተኛ ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ምኒልክ አለቃ ታየን ወደ በርሊን ላኩ። የተመደቡበት የምሥራቅ ቋንቋዎች ሴሚናር በ1887 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ አስተርጓሚዎችን፣ ዲፕሎማቶችንና ወደ ውጭ የሚላኩ ባለ ሥልጣኖችን ያሠለጥን ነበር። በሴሚናሩ ልማድ አንድን ቋንቋ ጀርመናዊ መምህር ሰዋስውን፣ የቋንቋው ተወላጅ ደግሞ ንግግሩን ያስተምራሉ። ታየ በዚህ ሥራ እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ቆዩ።

አብሯቸው የሠራው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ነበር። ሚትቮኽ በ1907 እ.ኤ.አ. ከአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ አፍ የተወሰዱ የቃል ጽሑፎችን፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐበሻ ልጆች ጨዋታዎችን የሚመለከቱ የአማርኛ ጽሑፎችን በሴሚናሩ መጽሔት አሳተመ። በዚያ ዘመን አንድ አውሮፓዊ ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ በብዛት የሚይዘው የብራና መጽሐፍ ነበር። የልጆች ጨዋታ ለኅትመት መብቃቱ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ለቋንቋ ትምህርት ግን ከብራናው ይልቅ ይቀርባል።

ምክንያቱን ለማየት በአገሩ ሁሉ የታወቀውን እንቆቅልሽ መውሰድ ይበቃል። ጠያቂው ለወንድ እንቆቅልህ፣ ለሴት እንቆቅልሽ ይላል፤ መላሹ ምን አውቅልህ ወይም ምን አውቅልሽ ብሎ ይቀበላል። መልሱ ከጠፋ ጠያቂው ለወንድ አገር ስጠኝ፣ ለሴት አገር ስጪኝ ይላል። የውጭ አገር ተማሪ አማርኛ ሲማር ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የ«አንተ» እና የ«አንቺ» ልዩነት ነው፤ ጨዋታው ግን ሕጉን ሳይነግረው በየዙሩ ያስደግመዋል። ድብብቆሽም እንዲሁ ነው። ፈላጊው ኩኩሉ ሲል ተደባቂዎቹ አልነጋም እያሉ ይቆዩና በመጨረሻ ነጋ ይላሉ፤ በግሱ ፊትና ኋላ የሚገባው የአማርኛ አፍራሽ እዚያው ተገኘ ማለት ነው። ዛሬ በትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዝኛ መምህራን የሚጠቀሙበት የግምት ጨዋታ፣ አንዱ ነገር በልቡ ይዞ ሌሎቹ በጥያቄ የሚደርሱበት፣ ከእንቆቅልሽ ብዙም አይርቅም፤ እዚያም አንዱ የጥያቄ አሠራር አሥርና ሃያ ጊዜ ይደጋገማል፣ ተማሪውም የሚያስበው ስለ ማሸነፍ እንጂ ስለ ሰዋስው አይደለም።

ሚትቮኽ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ግዕዝ ባህላዊ አነባበብ መጽሐፍ አወጣ፤ መሠረቱም ከኢትዮጵያውያን መምህራን አንደበት የተሰማው ንባብ ነበር። ኋላ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ከሥራው አስወጡት፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በለንደን ሞተ።

ከተመለሱ በኋላ

ታየ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ምኒልክ የኢትዮጵያን ነገሥታት ታሪክ እንዲጽፉ አዘዟቸው። የንጉሡ ሕመም ግን በእነዚሁ ዓመታት እየጠና ሄደ፣ የታየም መከራ በዚያው ጀመረ። የሚሲዮን ትምህርት የተማሩ በመሆናቸው በሃይማኖት ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ለክርክር ቀረቡ፤ ታሰሩም። በበርሊን የተከበሩበት ዕውቀት በአገራቸው ካህናት ዘንድ መጠርጠሪያ ሆነባቸው። ነገሩን ያከበደው ደግሞ ታየ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ የያዙ ሰው አለመሆናቸው ነው፤ ቅኔውንም ትርጓሜውንም ያውቁ ስለነበር ከሊቃውንቱ ጋር የሚከራከሩት በሊቃውንቱ መጻሕፍት ነበር።

«የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። ስለ ሕዝቦች አመጣጥ የሚያወሳው ክፍል ዛሬ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ጥያቄ ይነሣበታል፤ መጽሐፉ ግን ብዙ ጊዜ በድጋሚ ታትሟል። በ1987 እ.ኤ.አ. ግሮቨር ሃድሰንና ተከስተ ነጋሽ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት በኡፕሳላ ወጥቷል። በምኒልክ ትእዛዝ የጀመሩት ሰፊው የነገሥታት ታሪክ ግን በሕይወት ሳሉ አልታተመም። አለቃ ታየ ነሐሴ 15 ቀን 1916 ዓ.ም. ዐረፉ።