ቅዱስ ያሬድ፦ ለዜማ ስም የሰጠ መምህር

በቁምስናዎቻችን መዝሙር የምናስተምር ሁላችን አንድ ችግር እናውቃለን። ሕፃናቱ ዜማውን ከመምህራቸው አፍ ተቀብለው አሳምረው ይዘምራሉ፤ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ግን ዜማው ቀስ በቀስ ይላላል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቀድሞ መልኩን ያጣል። ቃሉ በወረቀት ላይ ቀርቷል፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆረጥ የሚያስታውስ ስም ወይም ምልክት ግን አልተላለፈላቸውም። ስለዚህ በዚህ እትም የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ስንተርክ፣ ዜማን ማዜም ብቻ ሳይሆን ለዜማ ስምና ሥርዓት ሰጥቶ ማስተላለፍ ምን ያህል ታላቅ አገልግሎት እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን።

ቅዱስ ያሬድ የ6ኛው ምዕት ዓመት ሰው ነው። ትውፊት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ይናገራል። ገድሉ የተጻፈው ከእርሱ ዘመን ከብዙ ምዕት ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ ታሪኩን የምናውቀው በትውፊት ተጠብቆ በቆየው መልክ ነው። በሕፃንነቱ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ መምህር ለነበረው ዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ያሬድ ግን ትምህርት አልገባውም፤ መዝሙረ ዳዊትን መያዝ ተስኖት ብዙ ጊዜ ተገረፈ። በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ሸሸ። በመንገድ ላይ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ፣ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ እየወደቀ፣ እንደገናም እየጀመረ ስድስት ጊዜ ሞከረ፤ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድ ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩም ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉያትንና ሐዲሳትን ጠነቀቀ፣ ዲቁና ተቀበለ፣ አባ ጌዴዎን ሲያርፍም በመምህርነት ወንበሩ ተተካ።

ገድሉ በመቀጠል ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች ሰማያዊውን ዜማ እንዳሰሙት፣ እርሱም ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ እንዳዜመ ይተርካል። የዜማው ሦስት ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። መምህራን ግዕዝን ቀጥ ያለና ጠንካራ፣ ዕዝልን ለስለስ ያለ፣ አራራይን ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን የሚያራራ ዜማ አድርገው ያስረዳሉ። ሦስቱንም በምሥጢረ ሥላሴ ይመስሏቸዋል፤ ግዕዝን ለአብ፣ ዕዝልን ለወልድ፣ አራራይን ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣሉ። ያሬድ ለዓመቱ በዓላት ድጓን፣ ለዐቢይ ጾም ጾመ ድጓን እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ምዕራፍ፣ ከቁርባን በኋላ የሚዜመው ዝማሬና ለሙታን የሚዜመው መዋሥዕትም የእርሱ ድርሰቶች ተብለው ይቈጠራሉ።

በሕይወቱ ውስጥ እጅግ የታወቀው ታሪክ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት የሆነው ነው። ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ነገር ግን ዜማው እስኪፈጸም ድረስ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ በለመነው ጊዜ ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልሻም፤ ወደ ገዳም ይሄድ ዘንድ ፈቃድ ብቻ ጠየቀ። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄዶ እስከ ዕለተ ፍጻሜው ደቀ መዛሙርትን አስተማረ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

ትውፊት ስምንት የዜማ ምልክቶችን ለያሬድ ይሰጣል፤ እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥና ሂደት ናቸው። ስማቸው ሥራቸውን ይናገራል። ቅናት ድምፅን ያነሣል፣ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፣ ቁርጥ ያቆማል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል፣ ደረት ድምፁን ከደረት ያወጣል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የምልክቱን ሥርዓት እንዳስፋፉት ይነገራል። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በትናንሽ ፊደላት የሚጻፍ ምልክት አለ፤ ፊደላቱ ዜማው አስቀድሞ ከሚታወቅ ቃል የተወሰዱ ናቸው። ተማሪው ፊደሉን ሲያይ የታወቀውን ዜማ ያስታውስና በአዲሱ ቃል ላይ ያውለዋል።

በሌላ አገር የኖረ መምህርም ወደዚሁ መንገድ ደርሷል። በ11ኛው ምዕት ዓመት በኢጣልያ የኖረው የቅዱስ በነዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ ጉይዶ ዘአሬዞ፣ ልጆች አንዱን ዜማ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ሲደክሙ አይቶ፣ ከመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር የየሐረጉን መጀመሪያ ቃና ወሰደ። እያንዳንዱ ሐረግ ካለፈው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይጀምር ነበር። ዛሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የምንላቸው የኖታ ስሞች ከዚያ የወጡ ናቸው፤ ዶ በመጀመሪያ ኡት ይባል ነበር፣ ሲ ደግሞ በኋላ ተጨመረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛም ዝናውን ሰምተው ወደ ሮም ጠሩት። የአገራችን ሊቃውንትና ጉይዶ ያልታወቀውን ዜማ ያስተማሩት በታወቀው ዜማ አማካይነት ነበር።

የወሎ ሰው ለድምፅ ስም በመስጠት እንግዳ አይደለም። ከዓለማዊው ሙዚቃ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የእኛን አካባቢ ስም ይዘዋል። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ናቸው። ልጆቻችን እነዚህን ቅኝቶች ስማቸውን ሳያውቁ በጆሮአቸው ይለያሉ፤ ስማቸውን ሲያውቁ ግን የሰሙትን ለሌላ ማስረዳት ይችላሉ።

እንግዲህ ውድ ካቴኪስቶች፣ ከቅዱስ ያሬድ ሕይወት ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ ዜማ የማይዘው ልጅ ነገ መምህር ሊሆን ይችላልና በስድስተኛው ውድቀቱ አናሰናብተው። ሁለተኛው ስም መስጠት ነው። ሕፃናቱ ሁሉ ከሚያውቁት አንድ መዝሙር እንነሣ፤ ድምፁ የሚነሣበትን ቅናት፣ የሚወድቅበትን ድፋት፣ የሚቆምበትን ቁርጥ እያልን በስሙ እናስጠራቸው፤ በመዝሙር ደብተራቸውም በቃሉ ላይ ምልክቱን ያኑሩ። ያን ጊዜ እኛ ብንዛወር ወይም ብናርፍ እንኳ ዜማው ከእነርሱ ጋር ይኖራል፣ እነርሱም ለሚከተሉአቸው ያስተላልፉታል።