ነጋሪት የጠራው ጦርና ራስ ደስታ ዳምጠው

በ1914 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የጦር ሚኒስትሩ ኪችነር ጣቱን ቀስሮ ወጣቱን ለጦርነት የሚጠራበት ሥዕል ታተመ። የእኛን አባቶች በ1928 ዓ.ም. የጠራቸው ግን ነጋሪት ነው። ፊደል የቆጠረው ጥቂት ስለነበር አዋጅ የሚደርሰው በጆሮ ነበርና። በዚያ ጥሪ ከነገሌ ወደ ዶሎ የወረደውን ጦር የመሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ሕይወታቸውን ባጭሩ እናስታውስ።

አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ወደቁ። ልጅየው አድገው ልዕልት ተናኘወርቅን አግብተው የንጉሠ ነገሥቱ አማች ሆኑ። በ1925 ዓ.ም. በልዩ መልእክተኛነት አሜሪካ ሄደው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አነጋገሩ። ኋላም ይርጋ ዓለም ተቀምጠው ሲዳሞን ያስተዳድሩ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ወረረን፤ የክተት ነጋሪትም ተጎሰመ። የሲዳሞ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን አንግቶ ተነሣ። የደጋ ልጅ ገናሌን ተከትሎ ያን ሁሉ በረሃ በእግሩ ወረደ። ከወዲያ በኩል ግራዚያኒ በካሚዮንና በአውሮፕላን ይመጣል።

ጠላትም የራሱ ቅስቀሳ ነበረው። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በቦምብ ሲደበደብ ወረቀትም ከሰማይ ተበተነ። ወረቀቱ ድብደባውን ለተገደለ ኢጣሊያዊ አብራሪ የተሰጠ ቅጣት አድርጎ ያቀርብ ነበር። የተቀጡት ግን አልጋ ላይ የተኙ ቁስለኞች ናቸው።

በጥር ወር ገናሌ ዶርያ ላይ ጦራችን ተሸነፈ፤ ነገሌም ተያዘች። ጀግንነት ጎድሎ አይደለም። ነጋሪት ሰው ይሰበስባል እንጂ ስንቅ፣ መድኃኒትና መኪና አያመጣም።

ራስ ደስታ ግን የጠሩትን ሰው ጥለው አልሄዱም። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ከአገር ሲወጡ እሳቸው ሲዳሞ ደጋ ላይ መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጉራጌ ውስጥ ጎገቲ ላይ ደጃዝማች ገብረ ማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ወደቁ። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን ተይዘው ተረሸኑ።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ይህን ታሪክ ስናስተምር የውጊያውን ቀን ማስቆጠር ብቻ አይበቃንም። ጥሪው በነጋሪትም ይሁን በሥዕል፣ ጠሪው ለተጠራው ምን አዘጋጀለት? በክፉው ቀንስ አብሮት ቆመ ወይ? ተማሪዎቻችን ይህን መጠየቅ ይልመዱ።