የወይዘሮ ሄንሪየታ ላክስ አጭር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሄንሪየታ ላክስ በሕይወት ሳሉ ከቤተ ዘመዳቸውና ከጎረቤታቸው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ከስማቸው የተወሰደው ሂላ የሚለው ቃል በመላው ዓለም በሕክምና ምርምር ቤቶች ይታወቃል።

ሐምሌ 25 ቀን 1912 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሮአኖክ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በአራት ዓመታቸው እናታቸው ስለ ሞቱባቸው ክሎቨር በሚባል የገጠር መንደር ከአያታቸው ዘንድ አደጉ። ያደጉበትም የግንድ ቤት ቀድሞ የባሮች ማደሪያ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ በትምባሆ እርሻ ስለ ሠሩ ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በ1933 ዓ.ም. አብሮ አደጋቸውንና ዘመዳቸውን አቶ ዴቪድ ላክስን አግብተው ወደ ባልቲሞር አካባቢ ተዛወሩ፤ የአምስት ልጆችም እናት ሆኑ።

ጥር 21 ቀን 1943 ዓ.ም. ሕመም ስለ ጸናባቸው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄዱ። ሆስፒታሉ ድኾች ጥቁሮችን ይቀበል ነበር፤ የሚተኙበት ክፍል ግን ከነጮቹ የተለየ ነበር። ሐኪሞቹም የማኅፀን በር ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለውን በሽታ አገኙባቸው። በራዲየም ሲያክሟቸው ከዕጢው ቁራጭ ወስደው ለዶክተር ጆርጅ ጋይ ላቦራቶሪ ሰጡ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ልማዱ ይኸው ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ልማድ መሆኑ ነገሩን ቀና ያደርገዋል ብዬ አላምንም።

ዶክተር ጋይ የሰው ሕዋስ ከአካል ውጭ በብልቃጥ ለማሳደግ ብዙ ዓመት ደክመው ነበር፤ ሕዋሳቱ ግን ሳይቆዩ ይሞቱባቸው ነበር። የወይዘሮ ሄንሪየታ ሕዋሳት በ24 ሰዓት ያህል ውስጥ እጥፍ እየሆኑ በዙ። ባለቤቲቱ ራሳቸው መስከረም 23 ቀን 1944 ዓ.ም. በ31 ዓመታቸው አርፈው በክሎቨር ምልክት ባልቆመበት መቃብር ተቀበሩ። ሕዋሳቱ እስከ ዛሬ ይከፋፈላሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከሰፈራችን ምሳሌ ልውሰድ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል። በሕዋስ ውስጥ ያሉት የዘር ክሮች፣ ማለት ክሮሞሶሞችም፣ ጫፋቸው ቴሎሜር በሚባል ነገር እንደ ተቋጨ ነው። ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ይህ ጫፍ ያጥራል፤ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፈለም በኋላ ሕዋሱ መከፈሉን ያቆማል። አብዛኞቹ የነቀርሳ ሕዋሳት ግን ቴሎሜሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ቀስቅሰው ያጠረውን ይቀጥሉታል። ይህን ኢንዛይም ኤልሳቤጥ ብላክበርንና ካሮል ግራይደር በ1977 ዓ.ም. በኩሬ ውኃ ከሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት አገኙት። በሰው ሕዋስ መኖሩ የታወቀው ደግሞ በ1982 ዓ.ም. ነው፤ የተገኘውም በእኒሁ ወይዘሮ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ጥቂት የነቀርሳ ዓይነቶች ያለዚህ ኢንዛይም፣ አንዱ ክሮሞሶም የሌላውን ጫፍ እየገለበጠ፣ ይዘልቃሉ።

በወይዘሮ ሄንሪየታ ሕዋሳት ውስጥ ኢንዛይሙን የሚቀሰቅሰው 18 ቁጥር የተሰጠው የፓፒሎማ ቫይረስ ነው። የዚህ ቫይረስ ጠባይ ከታወቀ በኋላ ክትባት ተሠርቶለት፣ በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የፖሊዮ ክትባትም ሲመረመር እነዚሁ ሕዋሳት አገልግለዋል።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ያወቀው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሕዋሳቱ በገንዘብ ሲሸጡ ከልጆቻቸው መካከል መታከሚያ የቸገራቸው ነበሩ። በመቃብራቸው ላይ ድንጋይ የቆመው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልጅ ልጆቻቸው ሕዋሳቱን ይሸጥ ከነበረ አንድ ድርጅት ጋር የነበራቸውን ክስ በስምምነት የጨረሱት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው።