ቄስ ዊልያም ሞምፐሰንና የኢም ደብር

ኢም በእንግሊዝ አገር በደርቢሽየር የምትገኝ ትንሽ የገጠር ደብር ናት። ታሪካቸውን የምንጽፍላችሁ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን በዚያች ደብር የተሾሙት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1664 ነበር። በ1665 ከሎንዶን ለልብስ ሰፊ ከተላከ ጨርቅ ጋራ ቸነፈር ገባ ይባላል። በ1666 በሽታው ሲበረታ ቄሱ፥ ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት ከቶማስ ስታንሊ ጋራ ሆነው፥ ሕዝቡ በሽታውን ወደ ጎረቤት አገር ይዞ እንዳይሸሽ ለመኑት፤ ሕዝቡም እሺ አለ። እህል ከደብሩ ወሰን ላይ ይቀመጥላቸው፥ የዋጋውም ገንዘብ በኮምጣጤ ተነክሮ ይተው ነበር። ሐንኮክ የምትባል እናት ባሏንና ስድስት ልጆቿን በስምንት ቀን ውስጥ ቀበረች። ቄሱ የራሳቸውን ልጆች አስቀድመው ወደ ሌላ ስፍራ ሰደው ስለ ነበር፥ ያ ልመና እንዴት እንደ ከበዳቸው መገመት አያቅተንም። ባለቤታቸው ካትሪን ግን አልሄድም ብለው ቀርተው ሞቱ። በጠቅላላው 260 ያህል ሰው አለቀ። በኋላም ቄሱ ወደ ኢክሪንግ ደብር ሲዛወሩ፥ የዚያ አገር ሰው ፈርቷቸው ለጊዜው ከመንደር ውጭ በጎጆ አስቀመጣቸው ይባላል። እዚያው ኖረው በ1709 ዐረፉ።