በመጥረጊያ የጀመረው ፓይለት

ጫካ ሲቃጠል ውሃ ጭነው፣ ዝቅ ብለው ወደ ጭሱ የሚገቡ ፓይለቶችን በስልካችን ሳናይ አልቀረንም። ሌላው ሰው ከአደጋ ሲሸሽ እነሱ ወደ አደጋው ይበራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ከየት ይጀምራል? ዛሬ የምንነግራችሁ እሳት አጥፊ ባይሆንም ሕይወቱን ሙሉ ወደ አደጋ ሲበር የኖረ፣ አዲስ አበባ የተቀበረ ፓይለት ታሪክ ነው። ስሙ ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሮቢንሰን አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ሚሲሲፒ፣ ገልፍፖርት ከተማ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ጨቅላ እያለ ነው። ልጅ ሆኖ አውሮፕላን ሲበር አየ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየውም። ችግሩ ግን በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር ጥቁር ሆኖ ፓይለት እሆናለሁ ማለት እንደ ቅዠት ነበር የሚቆጠረው።

ስለዚህ ቅርብ ካለው ነገር ጀመረ። ተስኪጊ በሚባለው የጥቁሮች ተቋም የመኪና መካኒክነት ተማረ። ከዚያ ቺካጎ ሄዶ ጋራዥ ከፈተ። ገንዘብ አገኘ፣ ሞተር እንደ እጁ መዳፍ አወቀ፤ ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር።

ከተማው ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የበረራ ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን አመለከተ፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት አልተቀበሉትም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ! የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው መጥረጊያ ይዞ ክፍል ውስጥ ይገባል። አስተማሪው ሲያስረዳ እየጠረገ ይሰማል፤ ተማሪዎች የጣሉትን የማስታወሻ ወረቀት ሰብስቦ ቤቱ ወስዶ ያጠናል።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ታገሥ፣ ሁሉም ይሆናል ተብሎ። እውነቱ ግን እንደዚያ ብቻ አይደለም። ሮቢንሰን ብቻውን አልነበረም። ኮርኔሊየስ ኮፊ ከሚባል መካኒክ ጓደኛው ጋር ሆኖ ሌሎች ጥቁር ወጣቶችን አሰባሰበ፤ አውሮፕላንም ራሳቸው ገጣጠሙ። በሩ የተከፈተውም በልምምጥ አይደለም፤ የኮፊ አሠሪ ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ ብሎ ካስፈራራ በኋላ ነው። ሁለቱም በ1931 ተመረቁ።

ከገባ በኋላም በሩን አልዘጋውም። እዚያው ትምህርት ቤት ተመልሶ ጥቁር ተማሪዎችን አስተማረ። ነጮች የሚቆጣጠሯቸው የአውሮፕላን ማረፊያዎች አላስጠጋ ሲሏቸው፣ ከቺካጎ ወጣ ብላ ባለችው ሮቢንስ መንደር እሱና ጓደኞቹ የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። በ1933 አውሎ ነፋስ መጥቶ አፈራረሰባቸው። ሌላ ሜዳ ፈልገው ቀጠሉ። የተማረበትን ተስኪጊንም የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ይወተውት ነበር። ተቋሙ በኋላ የጀመረው ሥልጠና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታዋቂ የሆኑትን ጥቁር ፓይለቶች አፍርቷል።

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ አሜሪካ ይማር በነበረው መላኩ በያን አማካይነት ጥሪ ደረሰው። መጣ። ማዕረጉ ኮሎኔል፣ ሥራው የአየር ኃይሉ አዛዥነት ሆነ። ኃይል ሲባል ግን አትሳሳቱ፤ የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና አሮጌ ነበሩ፣ ለውጊያ የሚሆኑም አልነበሩም። የሱ ድርሻ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር ማመላለስ ነበር፤ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች በሚያንዣብቡበት ሰማይ ላይ። ኦክቶበር 3 ቀን አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር።

በ1936 አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል ወጣ። ቺካጎ እንደ ጀግና ተቀበለችው። እዚያው መቅረት ይችል ነበር፤ ግን በ1944 ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ ማሠልጠን ያዘ።

በማርች 1954 ለታማሚ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። ክፉኛ ቆስሎ ከቀናት በኋላ አረፈ።

ዛሬ ፓይለት፣ በተለይ እንደ እሳት ማጥፋት ያለ አደገኛ በረራ ላይ የሚሠራ ፓይለት መሆን የምትመኙ ትኖራላችሁ። ሮቢንሰን በሩ እስኪከፈት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በጎን ገባ፣ ጓደኛ ያዘ፣ መብቱን ጠየቀ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ከኋላው ላሉት በሩን ይዞ ቆመ። መጥረጊያው መጀመሪያው ነበር እንጂ ታሪኩ አልነበረም።