ልጅ ኢያሱና ባለ ጥምጥሙ ፎቶግራፍ

የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ የነበሩት የልጅ ኢያሱ ሚካኤል ስም በተነሣ ቊጥር አብሮ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በፎቶግራፉ ላይ መልከ መልካም የሆኑ ወጣት መስፍን እንደ እስላም መኳንንት ራሳቸውን ጠምጥመው ይታያሉ። የታሪክ መምህራችን ይህን ፎቶግራፍ በክፍል ውስጥ ባዞሩልን ጊዜ ከእኛ መካከል አንዱ ይህ ሰው ዐረብ ነውን ብሎ ጠየቀ፤ ብዙዎቻችንም ሳቅን። ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። የእርሱ አያት ዓርብ ዓርብ ወደ መስጊድ ሲሄዱ የሚጠመጥሙት ልክ እንደዚያው ነበርና። መምህራችንም ለጥያቄው መልስ በመስጠት ፈንታ የእኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ አንብበን እንድንመጣ አዘዙን። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያን ጊዜና ከዚያም ወዲህ አንብቤ ያገኘሁትን ነው።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የአጤ ምኒልክ ልጅ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ዐረፉ። አባታቸው ራስ ሚካኤል የወሎ ገዥ ነበሩ። ራስ ሚካኤል ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. በአጤ ዮሐንስ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ክርስቲያን ሆኑ። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ በእናታቸው በኩል የሸዋ ክርስቲያን ነገሥታት ዘር፣ በአባታቸው በኩል የወሎ እስላም መኳንንት ዘር ናቸው ማለት ነው። ወሎ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ቀዳሽ፣ ሌላው ወንድም ሰጋጅ ሆኖ በአንድ ገበታ የሚቀመጥበት አገር ነው። ይህ ነገር በኋላ ስለሚመጣ አንባቢ ከልቡ እንዲያኖረው እለምናለሁ።

አጤ ምኒልክ በሕይወት የቀረ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸውና ሕመሙም ስለ ጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ይህን ኑዛዜ የሚያፈርስ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብለው በአዋጅ አስነገሩ፤ መኳንንቱም ማሉ። ወራሹ ልጅ ስለ ነበሩ እስኪያድጉ ድረስ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው የተሾሙላቸው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው።

ይህ ስም ለእኛ ለኢሉባቦር ልጆች እንግዳ አይደለም። ራስ ተሰማ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎሬ ተቀምጠው ይህን አገር የገዙ መስፍን ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ገና ደጃዝማች ሳሉ ሠራዊታቸውን አስከትለው፣ ፈረንሳዮችና የሩሲያ መኰንን አብረዋቸው፣ ከዚህ ከደጋው ወደ ቈላው ወርደው ነጭ ዓባይ ዳር ድረስ በመድረስ ሰንደቅ ዓላማ ተክለዋል። የቈላው ንዳድ ሠራዊቱን ስለ ፈጀባቸው ግን ሊቈዩ አልቻሉም። የምኒልክን ወራሽ እንዲጠብቁ የታመኑት እኒህ የጎሬው ሰው መሆናቸው ብዙዎቻችን ሳናውቀው የኖርነው የአውራጃችን ክብር ነው። ነገር ግን ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በድንገት ዐረፉ። ያን ጊዜ ልጅ ኢያሱ የዐሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ሌላ ሞግዚትም አልፈለጉም። አጤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ተደበቀ፤ ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይደፉ መግዛታቸውን ቀጠሉ። አባታቸውን ግን በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ አድርገው አነገሡ።

ስለ አገዛዛቸው በትምህርት ቤት የምንሰማው በአብዛኛው የወጣትነት ስንፍናቸውን፣ አደናቸውንና ሴት መውደዳቸውን ነው። ሐሰት ነው አልልም። በአንድ ከተማ ተቀምጠው ጉዳይ ማየት አይሆንላቸውም ነበር፤ የአያታቸው አሮጌ መኳንንትም ደጅ እየጠኑ ይመለሱ ነበር። ነገር ግን በእሳቸው ዘመን ለአዲስ አበባ ትረንቡሌ የሚባል የከተማ ዘበኛ ተቋቋመ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው የሚሄዱበትን የቁራኛ ልማድ፣ እንዲሁም ሕፃን ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ በሩጫ ሌባ የሚያወጣበትን የሌባሻይ ሥርዓት ለማሻሻል ሞክረዋል። ሌባሻይ የሮጠበት ቤት ሰው ምን ይደርስበት እንደ ነበር ከሽማግሌዎች የሰማ ሁሉ የዚህን ሙከራ ዋጋ ያውቃል።

ሌላም ሥራ አላቸው፤ እርሱን ለመጻፍ እጅ ይከብዳል። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ዘምተው ዛሬ ቤንች ወደምንለው ወደ ጊሚራ አገር ወረዱ። ከዚያም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በባርነት ተነድቶ ወጣ፤ እጅግ ብዙውም በመንገድ ላይ በበሽታና በራብ አለቀ። ይህ የሆነው ከእኛ ብዙ በማይርቅ ደን ውስጥ ነው። ከዙፋን በወረዱበት ቀን ግን የተከሰሱበት ዋናው ነገር ይህ አልነበረም። የዚያን ሰልፍ ፎቶግራፍም አይቼ አላውቅም። የጥምጥሙን ፎቶግራፍ ግን በየመጽሐፉ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥምጥሙ ነገር እንመለስ። ልጅ ኢያሱ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በሐረር፣ በድሬ ዳዋና በጅጅጋ በኩል ያሳልፉ ነበር። ከአፋር ባላባቶችና ከጅማው አባ ጅፋር ቤተ ሰብ ጋር በጋብቻ ተዛመዱ፤ ከሱማሌ አለቆች ጋር ተወዳጁ፤ መስጊዶችን ረዱ። በሌላ በኩል ደግሞ በአዲስ አበባ የቀጨኔን መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተከሉ እሳቸው ናቸው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የወጣት ዘዋሪነት አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ በግዛቱ ዳር ተገፍቶ የኖረውን እስላም ሕዝብ ከመንግሥቱ ጋር ለማስታረቅ የታሰበ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝምድና በየአገሩ የሚያበዛ ሰው ያለ አሳብ ያደርገዋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛልና።

ጊዜው ግን የታላቁ ጦርነት ጊዜ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በአንድ ወገን፣ ጀርመንና ቱርክ በሌላ ወገን ሆነው ይዋጉ ነበርና ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነብላሉ ተብሎ ተፈራ። የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖችም ተሸበሩ። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ከሐረር ገዥነታቸው ሲነሡ ደግሞ የሸዋ መኳንንት አድማ ጠነከረ።

አድመኞቹን የያዛቸው አንድ ትልቅ ችግር ነበር፤ ይኸውም የምኒልክ መሐላና እርግማን ነው። ወራሹ ሰነፍ ነው፣ አይሠራም፣ አያማክርም ተብሎ መሐላ አይፈርስም። መሐላው የታሰረው በተዋሕዶ ሃይማኖት ስለ ነበር ሊፈታ የሚችለው ወራሹ ሃይማኖቱን ክዶ ከተገኘ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ያን ያህል ዋጋ ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሰውን ልብ አይቶ ሃይማኖቱን የሚመሰክር የለም፤ የራሱን ጥምጥም ግን ማንም ያያል። ልጅ ኢያሱን በእስላም ልብስ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ ይባላል። ጨረቃና የቁርኣን ቃል ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለእስላሞች ሰጡ የሚል ወሬም ተጨመረበት። በመስቀል በዓል፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰብስበው ክሱ ተነበበ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ካመነቱ በኋላ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ፎቶግራፉ እውነተኛ ነበርን? በዚህ ነገር ሊቃውንቱ አልተስማሙም። በአዲስ አበባ የነበረ አንድ አርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ቀጥሎ የሠራው ነው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በዚያ ዘመንም አይቸግርም ነበር። ከአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ራሱን በመቀስ ቈርጦ ከሌላው ሰውነት ላይ መለጠፍ፣ የተቀጠለበትን በቀለም ማጥፋት፣ ከዚያም ሁሉን እንደ ገና በፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ዛሬ በስልክ አንድ ልጅ በቅጽበት የሚያደርገውን ያን ጊዜ ባለ እጅ በአንድ ቀን ያደርገዋል። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ልጅ ኢያሱ በሐረርጌ ሳሉ የአገሩን ልብስ በፈቃዳቸው ለብሰው ተነሥተዋል ይላሉ።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። ፎቶግራፉ እውነተኛ ቢሆንስ ምን አሳየ? አጤ ምኒልክ በተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሰፊው ባርኔጣቸው ሥር ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው ይታያሉ፤ ስለዚህ ሻሽ ክስ ያቀረበ የለም። የሐረር፣ የጅማና የአፋር ሰው ጥምጥምም ኢትዮጵያ ውስጥ የተጠመጠመ ነው። ፎቶግራፉን ያዞሩት ሰዎች ልጅ ኢያሱን ብቻ አይደለም የከሰሱት፤ ያን ልብስ የለበሰ ሁሉ የአገሩ ሰው እንዳልሆነ ሳይናገሩ ተናገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ እኛ በመቱ ክፍላችን ውስጥ የሳቅነው ሳቅ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በሥዕል መታለል ለእኔም አዲስ አይደለም። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ከምናያቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች የተነሣ ሙሴና ጳውሎስ ፈረንጆች እንደ ነበሩ አምን ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሥዕሉ ነው ያስተማረኝ።

ልጅ ኢያሱን የተኩት ተፈሪ መኰንን የፎቶግራፍን ኃይል ከማንም በፊት የተረዱ ሰው ነበሩ። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው የአርመናዊው የቤድሮስ ቦያጂያን ልጆች ኋላም ለእሳቸው አገለገሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት በዓሉን በዚያው ዓመት በባለ ቀለም ፎቶግራፍ አሳተመው፤ ባሕር ማዶ ያለ ብዙ ሰው ኢትዮጵያን ያወቀው በዚያ ዘውድና በዚያ ካባ ነው። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። የልጅ ኢያሱን ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ግን በዚያ ዘመን ራሱን በአደጋ ይጥል ነበር።

የልጅ ኢያሱ የቀረው ዕድሜ በስደትና በእስራት አለፈ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ለመርዳት ከወሎ ተነሥተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተዋጉና ድል ሆነው ተማረኩ፤ በእስር ላይ ሳሉም ሞቱ። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር በረሓ፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1913 ዓ.ም. ትግሬ ውስጥ ተያዙ። በፍቼ በራስ ካሣ ጠባቂነት ብዙ ዓመት ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ጥቂት ቀን ነፃ ሆኑ፤ እንደ ገና ተይዘው ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። አንድ ጊዜ በነፃነት የተመላለሱበት የሐረርጌ አገር እስር ቤታቸው ሆነ። የኢጣሊያ ጦር አገሩን በወረረበት ወራት፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ፤ አሟሟታቸውም እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ሲሞቱ ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ገደማ ነበር። እንዴት ያለ ፊት እንደ ነበራቸው፣ ጠጕራቸው ሸብቶ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ከታሰሩ በኋላ የተነሡት ፎቶግራፍ በእጄ አልገባም። መምህራችን ያዞሩልን ያው የሃያ ዓመቱ ወጣት ነው። የትምህርቱ ዘመን ሳይፈጸም ጓደኛዬ ያን ፎቶግራፍ ከመምህራችን ተውሶ ወደ ቤቱ ወሰደውና ለአያቱ አሳያቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ ጥምጥሙ እንዴት እንደ ታሰረ ብቻ መርምረው፣ ያሰረው ሰው የሐረር ሰው ሳይሆን አይቀርም አሉት።