ዴሞስቴንስ፤ አንደበቱን ያሠለጠነ ሰው

ዴሞስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በአቴና ከተማ ተወለደ። አባቱ የሰይፍ መሥሪያ ቤት የነበረው ባለጸጋ ሲሆን፥ ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው ሞተ። ሞግዚቶቹም ውርሱን አባከኑበት። ባደገ ጊዜ ከሶ ተፈረደለት፤ ያገኘው ግን ከተወሰደበት ጥቂቱን ብቻ ነበረ።

ከዚያም በሕዝብ ሸንጎ ሊናገር ቆመ። ድምፁ ደካማ፥ ምላሱ ተብታባ፥ ትንፋሹም አጭር ስለ ነበረ ሕዝቡ ሳቀበት። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ አዝኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳቲሮስ የሚባል የቴአትር ተጫዋች ተከተለው፤ አንድ ግጥም በቃሉ እንዲወጣም ጠየቀው። ቀጥሎ ያንኑ ግጥም ሳቲሮስ ራሱ በተስማሚ ድምፅና ገጽታ ደገመው። ለዴሞስቴንስ ፈጽሞ ሌላ ግጥም መሰለው። ጉድለቱ ከአነጋገሩ መሆኑንም ተረዳ።

ስለዚህ ጠጠር በአፉ ይዞ ቃላትን ማጥራት፥ ዳገት እየወጣ በመናገር ትንፋሹን ማጠንከር፥ በትልቅ መስተዋት ፊት ቆሞ አኳኋኑን መመርመር ያዘ።

በ351 ዓመት የመቄዶንያን ንጉሥ ፊልጶስን በመቃወም፥ አቴናውያን ለነጻነታቸው እንዲነሡ መከረ። አቴና በ338 ዓመት በኬሮንያ ተሸነፈች፤ ቢሆንም ለወደቁት ወታደሮች የመታሰቢያውን ንግግር እንዲያደርግ ሕዝቡ የመረጠው ያንኑ የሳቀበትን ሰው ነበረ። ዴሞስቴንስ በ322 ዓመት ከጠላቶቹ ሸሽቶ ሳለ ሞተ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በክፍል ፊት ስንቆም ድምፃችን ቢንቀጠቀጥ፥ ዓይናችንም ወደ መሬት ቢያቀረቅር ተስፋ አንቍረጥ። ጓደኛችን ሲሳሳትም አንሳቅበት።